እህቴን ባንክ አሰናበታት፤ የ3 ዓመት ግዴታ፣ 120 ሺህ ብር መቀጮ፣ ክሊራንስም ከልክለዋል (አዳማ)

ፍራንኮ ሰፈር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ የታናሽ እህቴ ነው። ውሉን ከፊቴ ዘርግቼ ነው የምጽፈው፤ የባንኩን ስም ግን አልጠቅስም።

አዳማ ባለ የአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ፣ በአካውንቲንግ ዲግሪ፣ ጀማሪ ኦፊሰር። ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ፣ አገልግሎቷ 14 ወር፣ ደመወዟ 12,000 ብር። ከዚያ ውጪ የትራንስፖርትና የካሽ አበል አለ። ሲቀጥሯት አዲስ አበባ የ3 ሳምንት ሥልጠና ሰጥተዋታል። የሚያከራክሩን የውሉ አንቀጾች እነዚህ ናቸው፦

አንቀጽ 7፦ «ሠራተኛዋ ለ3 ዓመት ለማገልገል ተስማምታለች፤ በራሷ ፈቃድ ብትለቅ 120,000 ብር ትከፍላለች።»
አንቀጽ 9፦ «በሥራ ላይ እያለች በሌላ የፋይናንስ ተቋም ለመቀጠር ማመልከት የጥቅም ግጭት ነው፤ ያለማስጠንቀቂያ ያሰናብታል።»
አንቀጽ 10፦ ከለቀቀች በኋላ ለ1 ዓመት አዳማ ውስጥ በማንኛውም ባንክ ወይም ማይክሮፋይናንስ አትሠራም።
አንቀጽ 14፦ ዋስ ማቅረብ። አጎታችን ፈርመዋል።

ጥቅምት 6 አንድ ማይክሮፋይናንስ ስለ እሷ ማጣሪያ የሚጠይቅ ደብዳቤ ለቅርንጫፉ አስገባ። ሥራ አስኪያጁ በዚያው ቀን ጠርቶ አነጋገራት፣ ከዚያ ዝም። ታኅሣሥ 3 የስንብት ደብዳቤ ደረሳት፤ ምክንያቱ «አንቀጽ 9ን በመተላለፍ» ብቻ ነው። የኅዳር ደመወዝ አልተከፈለም። ለአጎታችንም 120 ሺውን በ10 ቀን ውስጥ እንዲከፍሉ ደብዳቤ ሄዷል።

አሁን የሰው ኃይል ክፍሉ በስልክ እንዲህ ይላል፦ «በኅዳር 20 ቀን የመልቀቂያ ማመልከቻ ጻፊ፤ እኛ የስንብቱን ደብዳቤ እንሰርዛለን፤ ክሊራንስ እንሰጥሻለን፤ መቀጮውን በ12 ወር ትከፍያለሽ።» ማይክሮፋይናንሱ ክሊራንስ እስከ ጥር 5 ድረስ ይጠብቃል። ዛሬ ታኅሣሥ 21 ነው። ትፈርም?


ሶደሬ መንገድ

አትፈርም። ቢያንስ ይህን ክር እስከ መጨረሻው ሳታነቡ አትፈርም።


ወረቀት ይናገራል

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ስለ ክሊራንስ ይመስላል እንጂ ዋናው ነገር የሥራ ውሉን ያቋረጠው የትኛው ወረቀት ነው የሚለው ነው። ዛሬ በእጃችሁ ያለው ወረቀት «ባንኩ አሰናበተ» ይላል። ኅዳር 20 ተብሎ የሚጻፈው ማመልከቻ «ሠራተኛዋ ለቀቀች» ይላል። አንቀጽ 7ን መልሰህ አንብበው፦ መቀጮው የሚመጣው «በራሷ ፈቃድ ብትለቅ» ነው። አሁን ባለው ወረቀት በራሷ አልለቀቀችም። ባንኩ በስልክ የሚጠይቃት ይህችን የጎደለችውን ወረቀት ራሷ ጽፋ እንድትሰጠው ነው። ስትሰጠው መቀጮው ሕይወት ያገኛል፣ ሕገ ወጥ ስንብት ብላ የመክሰስ መብቷም ይጠፋል። ቀኑን ወደኋላ መጻፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ኅዳር 20 ለቅቃ ከሆነ ከኅዳር 20 በኋላ የሠራችበት ፊርማ ምን ሊባል ነው?

ስንብቱን ራሱን እንየው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 ያለማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱ ጥፋቶች ተዘርዝረዋል፦ በጽሑፍ እየተሰጠ ካለ ማስጠንቀቂያ ጋር በ6 ወር 8 ጊዜ ማርፈድ፣ 5 ቀን መቅረት፣ ማጭበርበር፣ በንብረት ያለአግባብ መጠቀም፣ አምባጓሮ፣ ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ጉዳት ማድረስና የመሳሰሉት። ሌላ ቦታ ሥራ ማመልከት ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። አሠሪው ከዝርዝሩ ውጪ ጥፋት መጨመር የሚችለው ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር በሚፈራረመው የሕብረት ስምምነት ነው እንጂ ሠራተኛዋ ብቻዋን በፈረመችው ውል አይደለም። የሥራ ውል ከሕጉ ያነሰ ጥቅም ሊሰጥ እንደማይችልም ያው አዋጅ አንቀጽ 4 ላይ ይላል።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራችሁ የባንኩን የሕብረት ስምምነት ማግኘት ነው። ብዙ ባንኮች መሠረታዊ የሠራተኛ ማኅበር አላቸው፤ የማኅበሩ ተወካይ ቅጂ ይሰጣል። «የዲሲፕሊን ጥፋቶች» የሚለውን ክፍል ገልጣችሁ የአንቀጽ 9 ዓይነት ነገር ካለ እዩ። ካለ ክርክሩ ይከብዳል። ከሌለ አንቀጽ 9 ወረቀት ላይ ያለ ማስፈራሪያ ነው።

ሁለተኛ፣ ቀኖቹን ቁጠሩ። ለስንብት ምክንያት የሆነውን ነገር አሠሪው ካወቀ ከ30 የሥራ ቀናት በኋላ በዚያ ምክንያት ማሰናበት አይችልም። ከጥቅምት 6 እስከ ታኅሣሥ 3 57 ቀን ነው። ቅዳሜን ሳትቆጥሩ እንኳ ከ30 የሥራ ቀን በደንብ ያልፋል። ባንኩ «ዋናው መሥሪያ ቤት ያወቀው ዘግይቶ ነው» ብሎ መከራከሩ አይቀርም፤ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ የማሰናበት ሥልጣን የለውም ይላል። ለዚህ ነው የጥቅምት 6ቱን ደብዳቤ ቅጂ ከማይክሮፋይናንሱ ዛሬውኑ መውሰድ ያለባችሁ። ለማን ተገልባጭ እንደተደረገም ተመልከቱ።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ጠይቃት፦ የደንበኛ ስም ዝርዝር፣ የብድር ፋይል ወይም ባላንስ የሚያሳይ ስክሪን ፎቶ ወደ ራሷ ቴሌግራም ልካ ታውቃለች? ብዙ ጀማሪዎች «ለሥራ እንዲመቸኝ» ብለው ያደርጉታል። ያ ካለ ጉዳዩ ሥራ የማመልከት ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የባንክ ምስጢር ይሆናል፤ ያን ጊዜ ምክሬም ይለወጣል።


ባንኮኒ

ሕጉ ልክ ነው፤ ግን የዚህን ሥራ ዓለም የሚያውቅ ሰው ሌላም ነገር ይነግራችኋል። ጀማሪ ኦፊሰር ፍርድ ቤት ቆማ አሸንፋ 8 ወር ቢወስድ ማይክሮፋይናንሱ አይጠብቃትም። የአዳማ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጆች በስልክ ይተዋወቃሉ። ስለዚህ ድርድሩን አትዝጉት። ድርድር ማለት ግን ባንኩ ያለውን መፈረም አይደለም። የምትጠይቁት ይህ ይሁን፦ ስንብቱ ይነሳ፤ ሁለቱ ወገኖች በስምምነት እንደተለያዩ በዛሬ ቀን ይጻፍ፤ መቀጮ አይኑር ወይም የሥልጠናው በደረሰኝ የተረጋገጠ ወጪ ብቻ ይሁን፤ የአጎታችሁ የዋስትና ቅጽ ዋናው ይመለስ፤ ክሊራንሱ ፊርማው በሚፈረምበት ሰዓት በእጅ ይሰጥ። «ነገ እንልካለን» ከተባለ አይፈረምም።

የአገልግሎት ግዴታ ሁሉ ፈርሷል ብላችሁም አትመኑ። አዋጁ ራሱ ስለ ሥራ ስንብት ክፍያ ሲናገር ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ ያለበትን ሠራተኛ ለይቶ ያነሳል። ማለትም ሕጉ እንዲህ ዓይነት ግዴታ መኖሩን ያውቃል። ጥያቄው 3 ሳምንት ሥልጠና 3 ዓመትና 120 ሺህ ብር ያመጣል ወይ ነው።


ወረቀት ይናገራል

@ባንኮኒ በድርድሩ እስማማለሁ፤ የጻፍካቸውን ቅድመ ሁኔታዎች ማንም ጠበቃ አይጠላቸውም። በመቀጮው ላይ ግን አንድ ልጨምር። ሰዎች «ባንኩ ምን ተጎዳ? ይረጋገጥ» ብለው ይከራከራሉ፤ ያ ብቻውን አያዋጣም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በውል የተቆረጠ መቀጮ ጉዳት ባይደርስም ሊጠየቅ ይችላል (1892)። የሚጠቅመው 1893 ነው፦ ውሉ በከፊል ተፈጽሞ ከሆነ ፍርድ ቤት መቀጮውን ሊቀንስ ይችላል። 36 ወር ግዴታ፣ 14 ወር ተፈጽሟል፣ የቀረው 22 ነው። 120,000 × 22 ÷ 36 = 73,333 ብር። ይህ መቀጮው አለ ከተባለ በኋላ የምትከራከሩበት ሁለተኛ መስመር ነው። መጀመሪያ የምትሉት «በፈቃዷ አልለቀቀችም» የሚለውን ነው። ሦስተኛም አለ፦ አዋጁ በአንቀጽ 45 ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ የሚለቅ ሠራተኛ ከ30 ቀን ደመወዝ የበለጠ ካሳ እንደማይከፍል ይደነግጋል፤ እዚህ 12,000 ብር ማለት ነው። ባንኩ «እኔ የምጠይቀው የሥልጠና ወጪ ነው» ይላል፤ ያኔ «ደረሰኙን አምጣ» ማለት ቦታውን ያገኛል።

አንቀጽ 10ን በሁለት መስመር ልለፈው። የሠራተኛ አዋጁ ስለዚህ ዓይነት ክልከላ ምንም አይልም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ደግሞ መተዳደሪያን የመምረጥ መብት ይሰጣል። ባንኩ በዚህ አንቀጽ አዲሱን ሥራ ማስቆም ከፈለገ ክስ መመሥረት ያለበት እሱ ነው። በተግባር ክስ ውስጥ አይገባም፤ ክሊራንሱን ይዞ ይቀመጣል። ለዚህ ነው አንቀጽ 10 አስፈሪ የሆነው እንጂ በራሱ ጉልበት አይደለም።


ሒሳብ ክፍል

ለድርድርም ለክስም ቁጥር ያስፈልጋል። ስሌቱ በመሠረታዊ ደመወዝ ብቻ ነው፤ የትራንስፖርትና የካሽ አበል በአዋጁ አንቀጽ 53 ደመወዝ አይባሉም፣ አታካትቷቸው። የቀን ደመወዝ 12,000 ÷ 30 = 400።

የኅዳር ደመወዝ 12,000
የታኅሣሥ 3 ቀን 1,200
ካሳ፣ የቀን ደመወዝ × 180 = 72,000
የማስጠንቀቂያ ጊዜ፦ አገልግሎቷ ከ1 ዓመት ስላለፈ 2 ወር፣ 24,000
የሥራ ስንብት ክፍያ፦ ለመጀመሪያው ዓመት 30 ቀን 12,000፤ ለተጨማሪው ጊዜ በዓመት የዚያው ሲሶ ነው፣ ለ2 ወር 667 ገደማ
ያልተወሰደ ፈቃድ፦ የመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ስንት እንደወሰደች ስላልጻፍክ ይህን ባዶ ተውኩት

ያለ ፈቃዱ 121,867 ብር። 120 ሺህ ጠይቀው 121 ሺህ ሊጠየቁ ነው፤ ይህን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ይዛችሁ ብትገቡ የስልኩ ቃና ይለወጣል።

በተጨማሪ፣ የሥራ ውል ሲቋረጥ ክፍያ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። ጊዜው አልፏል። ፍርድ ቤቱ ለዘገየበት እስከ 3 ወር ደመወዝ፣ ማለትም እስከ 36,000 ሊያስከፍል ይችላል። «ሊችል» ነው፤ እንደተረጋገጠ ገንዘብ አትደምሩት።

ደግሞ ደመወዟን ለመቀጮ ቆርጠን ይዘናል ካሉ፣ ከደመወዝ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በሕብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛዋ የጽሑፍ ስምምነት ነው፤ ያም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከሲሶው አይበልጥም። ሙሉውን ኅዳር መያዝ በየትኛውም መንገድ አይሄድም። የሠራተኛ ብድር ካለባት ግን አሁኑኑ ንገረን፤ ሲለቁ ወለዱ ወደ ገበያው የሚቀየር የብድር ውል ብዙ ነው።


ፍራንኮ ሰፈር (ጠያቂ)

እግዜር ይስጣችሁ። ብድር የለባትም። ፈቃድ 10 ቀን ወስዳለች። ቴሌግራም ላይ ምንም አልላከችም፤ ስልኳን አብረን አይተናል። የሕብረት ስምምነቱንም አግኝተናል፤ የአንቀጽ 9 ዓይነት ነገር የለበትም። አሁን የሚያስጨንቀን አጎታችን ናቸው። እንቅልፍ አጥተዋል፤ «ተበድሬም ቢሆን ልክፈልና ልረፍ» ይላሉ።


ሒሳብ ክፍል

ከ16ቱ 6 ቀን ይቀራል፣ የ2 ወሩ ድርሻ 2.67። 8.67 ቀን በ26 ተካፍሎ (461.50 በቀን) 4,000 ብር ገደማ። አንዳንድ ቦታ በ30 ያካፍላሉ፤ በሕብረት ስምምነቱ ያለውን ተከተሉ።


ጡረተኛው ኦዲተር

ልጄ፣ አጎትህ አምስት ሳንቲም እንዳይከፍሉ። መጀመሪያ የፈረሙትን የዋስትና ቅጽ ቅጂ ይጠይቁ። ሲደርሳቸው ሦስት ነገር ይመልከቱ።

አንደኛ፣ የዋስትናው ከፍተኛ መጠን በቁጥር ተጽፏል? በፍትሐ ብሔር ሕግ 1922 መሠረት ጣሪያው ያልተገለጸበት ዋስትና ዋጋ የለውም። «ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ» የሚል ቅጽ እስካሁን ከመሳቢያ ይወጣል፤ እንዲህ ያለው ቅጽ ባንኩን አያድነውም።

ሁለተኛ፣ ዋስትናው ለምንድን ነው? የባንክ የሠራተኛ ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ ለገንዘብ ጉድለት፣ ለእምነት ማጉደልና ለንብረት ነው። ዋስትና በግልጽ የተባለውን እንጂ የታሰበውን አይሸፍንም። ቅጹ «የአገልግሎት ግዴታ መቀጮ» የማይል ከሆነ አጎትህ ስለ 120 ሺው አያገባቸውም። ሣጥኗን ሙሉ አስረክባ ጉድለት እንደሌለባት የሚያሳይ የርክክብ ወረቀት ካላት እሱን ያያይዙ።

ሦስተኛ፣ ሁለት ምስክሮች ፈርመዋል? ዋስትና በጽሑፍ መሆን አለበት፤ የጽሑፍ ውል ደግሞ ያለ ሁለት ምስክር አይጸናም። የቅጹ ግርጌ ላይ «ምስክሮች 1. 2.» ተብሎ ባዶ የቀረበትን ቅጽ ቁጥር ስፍር የለውም።

ቅጹን ካዩ በኋላ አጭር መልስ ይጻፉ፦ የተጠየቀው ዕዳ በዋስትናው እንደማይሸፈን፣ ዕዳው ራሱ በክርክር ላይ እንደሆነ። ዝም ማለት ጥሩ አይደለም፤ መክፈል የባሰ ነው። አንዴ ከከፈሉ ለማስመለስ ከሳሽ የሚሆኑት እሳቸው ናቸው። በደመወዛቸው ዋስ ሆነው ከሆነ ለመሥሪያ ቤታቸው ሒሳብ ክፍልም የመልሱን ግልባጭ ይስጡ፤ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከደመወዛቸው እንዳይቆረጥ።


ሶደሬ መንገድ

ስለ ክሊራንሱ ማንም ያልጠቀሰው ነገር አለ። ክሊራንስና የሥራ ምስክር ወረቀት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ክሊራንስ የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ወረቀት ነው፤ በአዋጁ ውስጥ አይገኝም። የምስክር ወረቀቱ ግን የአሠሪ ግዴታ ነው፦ የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎት ጊዜ፣ ደመወዝ፤ በነጻ። የስንብት ምክንያት እዚያ ላይ መጻፍ የለበትም። ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ ብትጠይቁ ባንኩ «ዕዳ አለባት» ብሎ ሁለቱንም ይይዛል። ስለዚህ ሁለት ማመልከቻ፣ ሁለት ቀን።

ማመልከቻው ለቅርንጫፉ መዝገብ ቤት በሁለት ኮፒ ይገባል፤ አንዱ ላይ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን ይመታበታል። አንቀበልም ካሉ ፖስታ ቤት ሄዳችሁ በአደራ ላኩት፤ ደረሰኙን ከኮፒው ጋር አያይዙት። ለማይክሮፋይናንሱ ደግሞ የምስክር ወረቀቱን፣ የርክክብ ሰነዱንና የስንብቱን ደብዳቤ አንድ ላይ አድርጋ «ክሊራንስ በክርክር ላይ ነው» የሚል ደብዳቤ ታስገባ። አንዳንድ ተቋም በዚህና በጽሑፍ ግዴታ ይቀበላል፣ አንዳንዱ አይቀበልም። ከጥር 5 በፊት መጠየቅ ግን ምንም አያስከፍልም።


ወረቀት ይናገራል

ክስ ካስፈለገ፣ ጊዜውን እንዳትረሱ፦ ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ጥያቄ 3 ወር ነው፣ እስከ መጋቢት 3። የክፍያው 6 ወር፣ እስከ ሰኔ 3። ባንኩ በስልክ «እያየነው ነው» ማለቱ ይርጋውን (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደቡን) አያቆምም፤ ዕዳውን በጽሑፍ ቢያምን ግን ያቋርጠዋል። ስለዚህ ድርድሩም በደብዳቤ ይሁን።

የግል የሥራ ክርክር የሚታየው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው፤ በኦሮሚያ የወረዳ ፍርድ ቤት ማለት ነው። የዳኝነት ክፍያ የለም። የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ አቤቱታው በዚያ ይጻፋል፣ የአማርኛው ውልና ደብዳቤዎች ተተርጉመው ይያያዛሉ። እህትህ አፋን ኦሮሞ የማትጽፍ ከሆነ ለትርጉም ቢያንስ አንድ ሳምንት ያዙ። የሚከሰሰው ባንኩ ነው እንጂ ቅርንጫፉ አይደለም።

ፍርድ ቤት ደጃፍ የሚጽፉት ሰዎች በተደጋጋሚ የሚያበላሹት አንድ ቦታ አለ፦ «ወደ ሥራ ትመለስ» ብለው ብቻ ይጽፉና ይዘጉታል። አማራጩ አብሮ ይጻፍ፦ ከውዝፍ ደመወዝ ጋር ወደ ሥራ ትመለስ፤ ይህ የማይሆን ከሆነ ካሳው፣ የማስጠንቀቂያው፣ የሥራ ስንብቱ፣ የፈቃዱና የዘገየው ክፍያ እያንዳንዱ በብር ተለይቶ ይከፈል። ሒሳብ ክፍል የሠራላችሁን ገጽ እንዳለ ማስገባት ነው። የምስክር ወረቀቱንም እንደ አንድ የዳኝነት ጥያቄ ጨምሩት።


ፍራንኮ ሰፈር (ጠያቂ)

ለሰው ኃይሉ «ያላችሁትን በጽሑፍ ላኩልን» ብላለች፤ እስካሁን መልስ የለም። የጥቅምት 6ቱን ደብዳቤ ቅጂ ከማይክሮፋይናንሱ አመጣን። የቅርንጫፉ ገቢ ማኅተም አለበት፣ ቀኑ ግን ደብዝዟል፤ ወሩ ይነበባል፣ ቁጥሩ 6 ይሁን 8 አይለይም። ያበላሸዋል?


ወረቀት ይናገራል

አያበላሸውም፤ ከጥቅምት 8ም ቢቆጠር 55 ቀን ነው። ማኅተሙ ሥር ያለውን የገቢ ቁጥር ግን ጻፉት። ባንኩ ቀኑን ከካደ ፍርድ ቤቱ የቅርንጫፉ የገቢ መዝገብ እንዲቀርብ እንዲያዝ በዚያ ቁጥር ጠይቁ። ከላይና ከታች ያሉት ደብዳቤዎች የገቡበት ቀን እዚያው ተጽፎ ይገኛል።